ለወጉ የተባለ እምቢታ

«ጥቁሩን ያውልቁት፣ እትዬ» አሉ ሃጂ ኡበይዳ ከፊት ወንበር ዘወር ብለው። «ገና በር ላይ ስታየን ክው ትላለች።»

የጠልሀ ቫን ዴንቨር አጠገብ ያለችውን አውሮራን ከኋላዋ ጥላ በሃይዌይ ሰባ ስድስት ወደ ምሥራቅ ትከንፋለች። ቤቱ ሁሉ አልቆ ሜዳ ብቻ ሆኗል፤ ሜዳና ሰማይ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አጥር ተደግፈው የቆሙ ከብቶች።

«ሰው ሞቶ ምን ልልበስ ታዲያ? የሠርግ ልብስ?» አሉ እትዬ አበዛሽ።

«የተገኘውን። ጥቁር ብቻ አይሁን።»

ጠልሀ አንድ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ ሚስቱ መኪና ውስጥ የረሳችውን ሻሽ ፈልጎ ወደ ኋላ አቀበላቸው። ቢጫ ነው፤ የጫጩት ቢጫ። እትዬ አበዛሽ በሁለት ጣታቸው ተቀብለው ገላበጡት። ከዚያ ጥቁራቸውን ፈትተው፣ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ቢጫውን አሰሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው የሚለብሱትን ሰው መርጦላቸው አያውቅም።

«ይኸው፣ ለልቅሶ ተሞሸርኩ» አሉ።

ሽኩር ንጋት ላይ ነው ያረፈው። ሃቫና ስትሪት ጀርባ ባለው አፓርትመንት ከእትዬ አበዛሽ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ይኖር ነበር። ልቡን አሞት ሆስፒታል ሲገባ «ሚስራ እንዳትሰማ፤ ስድን እኔው ሄጄ እነግራታለሁ» ብሎ ልጁን ራኒያን አስምሏት ነበርና፣ ሚስቱ መታመሙን እንኳ አታውቅም። አሁን ታጥቦ፣ ተከፍኖ ወደ መስጊድ ሊወሰድ ነው። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል። ቫኗ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች፣ የመስጊዱ ሽማግሌ ሃጂ ኡበይዳ፣ ጎረቤቱ እትዬ አበዛሽና የሟች የእህት ልጅ ጠልሀ፣ የወጡት ለአንድ ነገር ነው። ሚስራን ከምትኖርበት ከሃርላን ፎርድ ያመጣሉ፤ አፈር ሳይለብስ የባሏን ፊት ታያለች።

ቀላል ነበር። ስልክ አንስቶ «ባልሽ ሞቷል፤ ነይ» ማለት ነው። መኪና አላት፣ መንጃ ፈቃድ አላት፤ ይሄኔ ደርሳ ነበር። የእኛ ሰው ግን መርዶ በስልክ አይናገርም። በአካል ይኬዳል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው። ራኒያ እዚያው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስልኳን አውጥታ ነበር። እጇን የያዟት ሃጂ ናቸው።

«ብቻዋን ናት፣ ልጄ። ወድቃ ብትቀርስ?»

«ባት ሃጂ፣ እናቴ ናት! ማወቅ አለባት፣ ራይት ናው!»

«ታውቃለች። ከሰው መሃል ሆና ታውቃለች።»

ልጅቷ አሜሪካ ተወልዳ አሜሪካ ብታድግም፣ ለሽማግሌ እሺ ማለትን እናቷ አስተምራታለች። ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ያቺን እሺታ ዕድሜዋን ሙሉ ስትረግማት ትኖራለች።

ባልና ሚስቱን ያጣላቸው እንደሆነ አንድ ቃል ነው። የኮሮና ወረርሽኝ የሽኩርን የታክሲ ሥራ ሲገድለው ሚስራ ሃርላን ፎርድ ሄዳ ሥጋ ፋብሪካ ገባች። ብርዱንም ቢላዋውንም ቻለችው። ኋላ እዚያው የሽማግሌዎች መጦሪያ ሥራ አገኘች፣ ትንሽ ቤት ያዘች፣ ከተማዋን ወደደች፤ ባሏን «ና» አለችው። እሱ አልሄደም። ጭራሽ ሊትልተን በተደረገ ሠርግ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «የእኔ ሚስት ገጠር ገባችላችሁ! ዴንቨር ጠቧት ላም ልትጠብቅ ሄደች!» አለ። ሰው ሳቀ። ሚስራ ምግብ ሳይቀርብ ተነስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ለየብቻ አፈጠሩ።

ሃርላን ፎርድ ከሩቅ የምትታወቀው በእህል ጎተራዋ ነው፤ መስኮት በሌለው፣ ነጭ፣ ከምንም ነገር በላይ በቆመው። ቀጥሎ ስሟ የተጻፈበት የውሃ ታንከር ይታያል። ቀጥሎ ሽታው ይመጣል። ሥጋ ፋብሪካውን ከከተማ ውጭ ነው የሠሩት፤ ነፋሱ ግን ከተማ ያስገባዋል።

ሚስራ ከቤቷ ደጅ ቅጠል ትጠርጋለች። ቫኗን አየች። ሃጂን ከነካፖርታቸውና ከነነጭ ቆባቸው አየች። ጠልሀን በጁምዓ ልብሱ፣ እትዬ አበዛሽን በቢጫ ሻሽ አየች። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። እትዬ አበዛሽ ልትወድቅ ነው ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሚስራ ሳቀች።

«ሽማግሌ ላከ!» አለች። «ወላሂ ላከ! ያ ግትር ሰውዬ ሽማግሌ ላከ!»

ለዕርቅ የሚሄድ ሽማግሌና ለመርዶ የሚሄድ ሽማግሌ አለባበሱ አንድ ነው። አረማመዱ አንድ ነው። በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ አይለይም። የሚለያቸው ጥቁር ልብስ ነበር፤ እሱንም መንገድ ላይ አውልቀውታል።

«እ… አዎ፣ ልጄ» አሉ ሃጂ ኡበይዳ። «ለመልካም ነው የመጣነው።»

በቃ። የዚያን ቀን ጥፋት ሁሉ የተወለደው ከዚህች «አዎ» ነው።

«ሴት ሽማግሌም ጨምሯል! አሜሪካ ያልለወጠው የለም» አለች ሚስራ፣ እትዬ አበዛሽን እያገላበጠች እየሳመች። «ቢጫውስ ቢሆን እንዴት ደምቆልዎታል!»

እትዬ አበዛሽ አፋቸውን ከፈቱ። ሃጂ ዓይናቸውን አፈጠጡባቸው። እትዬ አበዛሽ አፋቸውን ዘጉ፤ እሳቸው አፋቸውን ሲዘጉ ያየ ሰው ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረበት። ሚስራ ግን ደስታ ላይ ናት፤ ደስታ ላይ ያለ ሰው አይጠረጥርም።

ወደ ቤት አስገባቻቸው። ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ስልኳን አወጣችና አጠፋችው።

«ይደውል፤ ይጨነቅ። እኔ ስጨነቅ ከርሜያለሁ።»

«ሚስራ፣ ሰዓት የለም። ተነሺ እንሂድ» አሉ ሃጂ።

«እንዴት ሰዓት የለም? ሃጂ፣ ይህ እርስዎን ጠፍቶዎት ነው? ሽማግሌ እንደመጣ እሺ ይባላል? ባለጌ ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ እምቢ ይባላል።» እጇን አጣመረች። ፊቷን አኮሳተረች። «እምቢ! ይኸው፤ አልታረቅም አለች በሉት።» ከዚያ ራሷ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች።

«እምቢታሽን ሰምተናል። አሁን እሺ በይና…»

«እሺ የምለው በአንድ ነገር ነው። ከተማዬን ሰድቧል፣ ሰው አስቆብኛል። እናንተ ዞራችሁ አይታችሁ ምስክር ትሆኑኛላችሁ። መንገዳችን ላይ ነው፤ ልብሴን ብቻ ልቀይር።»

ወደ ጓዳ ገባች። ስታንጎራጉር ይሰማል።

«ይንገሯት» አሉ እትዬ አበዛሽ በሹክሹክታ።

«እዚህ? አንዲት ሴት ዘመድ በሌለችበት?»

«እኔ ምንድን ነኝ? ድመት ነኝ?»

«መስጊድ ስንደርስ ሴቶቹ ይይዟታል፣ እትዬ። ከሰው መሃል ይሁን።» ሃጂ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ደግሞም ጨርሶ ውሸት አይደለም። ባለፈው ጁምዓ ሽኩር ለምኖኝ ነበር። ‹ሃጂ፣ ከሚስራ ያስታርቁኝ፤ ከተማዋንም ሄጄ ልይላት› ብሎኝ ነበር። ሥራ አለኝ፣ የሚመጣው ሳምንት ይሁን አልኩት።»

እትዬ አበዛሽ ለሃጂ የሚሆን የበሰለ ስድብ ነበራቸው። የሃጂን ፊት ሲያዩ ዋጡት። ጠልሀ ወለሉን ያያል።

ሚስራ ስትወጣ ለዒድ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ፣ ባለወርቁን ጥልፍ፣ ለብሳለች። ኩል ተኩላለች። ሠርጓ ላይ ያደረገችው የወርቅ ጉትቻ ጆሮዋ ላይ ይወዛወዛል።

«አበዛሁት እንዴ?» አለች።

«አላበዛሽም» አሉ እትዬ አበዛሽ።

ቫኗ ውስጥ ከእትዬ አበዛሽ ጎን ተቀምጣ ጠልሀን ማዘዝ ጀመረች። ወደ ግራ፤ ቀስ በል፤ እዚህ ጋ ፓርክ አድርግ። ወንዙ ዳር ቆሙ።

«ፎርድ ሲባል ሁሉም መኪናው ይመስለዋል» አለች። «መልካ ማለት ነው፤ ወንዝ የሚሻገሩበት። ይህ የፕላት ወንዝ ሌላ ቦታ አሸዋው ይውጣል፤ እዚህ ጋ ብቻ ከሥሩ ድንጋይ አለው። የአገሩ ነባር ሰዎች፣ ሻየን የሚባሉት፣ በዚሁ ሲሻገሩ ኖረዋል፤ ለነሱ የመታሰቢያ ድንጋይ ያቆመ የለም። ድንጋዩ የቆመው ለሃርላን ነው። ወርቅ ፍለጋ በበሬ ጋሪ ወደ ተራራው ሲሄድ ወንዙ ሞልቶ ቆየው። ውሃው እስኪጎድል ልጠብቅ ብሎ ሰፈረ። እየጠበቀ ሚስቱ ታመመችና ሞተችበት። ቀበራት። ውሃው ሲጎድል ጥሏት መሻገር አቃተው። ወርቁም ቀረ፤ ከተማው የተቆረቆረው እንዲህ ነው።»

ሃጂን አሳላቸው።

«የዚህን ሰውዬ ከተማ ነው ሽኩር ‹ገጠር› ያለው» አለች ሚስራ። «በል፣ ወደ ሐዲዱ ንዳው።»

ሐዲዱ ጋ ሲደርሱም አላበቃችም። «ባቡሩ ሲመጣ መስመሩን ከወንዙ አርቀው ዘረጉት። ሰዎቹ ምን አደረጉ መሰልዎት፣ እትዬ? ቤታቸውን ግንድ ላይ ጭነው እያንከባለሉ ወደ ሐዲዱ ወሰዱት። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር! ከተማ ከነጣሪያው ተነስቶ ሄደ። ሽኩር ግን አንድ ሻንጣ ይዞ መምጣት አቃተው።»

ሌላ ቀን ቢሆን እትዬ አበዛሽ በዚህ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

የጠልሀ ስልክ ጮኸ። ራኒያ ናት። ጠልሀ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እየመጣን ነው… አዎ፣ ከኛ ጋር ናት… አይ፣ ገና…» አለ።

«እሱ ነው?» ሚስራ ከኋላ ተንጠራርታ ስልኩ ላይ ጮኸች። «እምቢ ብላለች በለው! እግሬ ላይ ካልወደቀ አትታረቅም በለው!» ሳቋን ለቀቀችው።

ከወዲያኛው ጫፍ የመጣውን ጠልሀ ብቻ ሰማው። ስልኩን ዘጋው።

«ምን አለ?»

«ምንም… ኔትወርኩ ነው» አለ ጠልሀ።

ትናንሽ ቤቶች የተደረደሩበትን መንገድ አለፉ። «እዚህ የኖሩት ደግሞ ሩሲያ አገር ሳሉ ጀርመኖች ሲባሉ ኖረው፣ እዚህ ሲመጡ ሩሲያኖች የተባሉ ናቸው። እንደኛ፤ በሄዱበት ሌላ የሚባሉ። መጦሪያው ውስጥ የማስታምማት ክላራ የነሱ ልጅ ናት። እጀታው በተቆረጠ መኮትኮቻ፣ እየተንበረከከች፣ ስኳር የሚወጣበትን ሥር ስትኮተኩት ነው ያደገችው፤ ጉልበቷ ዛሬም አልተቃና። ከነሱ በኋላ ሜክሲኮዎቹ መጡ፤ አሁን ሶማሌውና እኛ። ሁሉም ሲመጣ ይሰደባል፣ ሲሰነብት ደግሞ የሚመጣውን ይሳደባል።»

የተዘጋው የስኳር ፋብሪካ ጭስ ማውጫ በጡብ እንደተገነባ ቆሟል፤ ርግብ ይኖርበታል። ሃጂ ሰዓታቸውን አዩ። ሰማዩንም አዩ። «በቃ፣ ሚስራ። አይተናል፤ እንመሰክራለን። ለአላህ ብለሽ እንሂድ።»

«እሺ፣ እሺ። ምን እንዲህ አጣደፈዎት? እሱ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ወደ ሃይዌዩ ሊወጡ ሲሉ ከፊታቸው የስኳር ሥር የጫነ ከባድ መኪና ሐዲዱን ሲሻገር ነጠረና አንድ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ነገር አስፋልቱ ላይ ጣለ።

«ቁም! ጠልሀ፣ ቁም!»

«ሚስራ!» አሉ ሃጂ።

ወርዳለች። የዒድ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ሮጠች፣ አነሳችው፣ ጭቃውን በመሃረብ እየጠረገች ተመለሰች። ነጭ፣ ጎርባጣ፣ ጭራ ያለው ሥር ነው።

«ይህ ነው ያጨቃጨቀን!» አለች በሩን እየዘጋች። «ሽኩር ወንጂ ሸንኮራ መሃል ነው ያደገው። እዚህ ስኳር የሚያወጡት ከቀይ ሥር ነው ብለው አልቀበል አለ። ደግሞ ነጭ ነው ስለው በሳቅ ፈረሰ። ‹ነጭ ቀይ ሥር! ገጠር ገብተሽ አበድሽ!› ይለኛል። አሁን ይላጥና ይቅመሰው።»

ሥሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ስታሻሸው ሄደች።

ሜዳው ወደ ኋላ ይሮጣል። ጠልሀ ፍጥነቱን አልፎ ይነዳል። ሃጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ነው። ሚስራ መናገር አቆመች። የዕርቅ ሰው ሲቃረብ የሚፈራውን ፍርሃት ፈራች መሰለኝ።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ ፊት ያሉት እንዳይሰሙ። «ጤናው እንዴት ነው? ከስቷል?»

እትዬ አበዛሽ ሃጂን አላዩም። የሚስራን እጅ ያዙ። ሰባ ዓመት ሙሉ ያላቸውን ድፍረት ሰበሰቡ።

«አርፏል፣ ልጄ» አሉ።

እትዬ አበዛሽ እጇን ጠበቅ አድርገው፣ ጩኸቱን ጠበቁ።

«አልሀምዱሊላህ» አለች ሚስራ። «እንኳን አረፈ። ሌት ተቀን ሲነዳ ዕረፍት የሚባል አያውቅም ነበር። ለዚህ ነዋ ልብ ገዝቶ ሽማግሌ የላከው።»

ሌላ ቃል ነበረ፤ «ሞተ» የሚል፣ ለሁለት የማይተረጎም። እትዬ አበዛሽ ያንን ቃል ምላሳቸው ላይ አድርገው እስከ አውሮራ መግቢያ ተሸከሙት። ስንቱን ሰው ፊት ለፊት የሰደበ ምላስ፣ ይህችን አንዲት ቃል መትፋት አቃተው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ጠልሀ ሰማ፣ «እሺ» አለ ብቻ፣ ዘጋ። ወደ ሃጂ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። ሃጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሽኩር ላይ መስጊድ ውስጥ ተሰግዷል፤ የመቃብሩ ሠራተኞች ከዚህ በላይ አንቆይም ብለዋል። ጠልሀ ወደ ሃቫና የሚወስደውን መውጫ አልፎ ነዳ።

«ኧረ መንገዱን አለፍከው!» አለች ሚስራ።

ጠልሀ ነዳጁን ረገጠ።

«ጠልሀ፣ አለፍከው እኮ። ሃጂ? የት ነው የምንሄደው?»

የመቃብሩ ቦታ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ነው፤ ከሃርላን ፎርድ ሜዳ የሚለየው በድንጋዮቹ ብቻ ነው። መኪኖች በመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ወንዶች እጃቸውን እያራገፉ፣ ጫማቸው አፈር ይዞ፣ በሁለት በሦስት እየሆኑ ይመለሳሉ። ቫኗን ሲያዩ ቆሙ። ከሁሉም ወዲያ ራኒያ ብቻዋን ቆማለች፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር።

ሚስራ ልጇን አየች። ሃጂን አየች። እትዬ አበዛሽን፣ ቢጫውን ሻሽ፣ አየች። አልጮኸችም። በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች፤ ሥሩ እጇ ላይ ነው።

ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ግራና ቀኝ ሊይዟት የተዘጋጁት ሴቶች መጡ፣ ብዙ ነበሩ፤ ቀሚሷን ሲያዩ ግን ሊነኳት ፈሩ። ባለወርቁ ጥልፍ ፀሐይ ላይ ያበራል።

«ማሚ» አለች ራኒያ። «አይ ዎንትድ ቱ ኮል ዩ። ልደውልልሽ ነበር። ከለከሉኝ። ማሚ፣ እስከ መጨረሻው ፊቱን ሳላስከድን ጠበቅኩሽ።»

ሚስራ ልጇን በአንድ እጇ አቀፈቻት። በልጇ ትከሻ ላይ አሻግሮ የሚያየው ዓይኗ አዲሱ አፈር ላይ ነበር። ገና እርጥብ ነው።

ሃጂ ኡበይዳ ከቫኗ በር ሳይርቁ ቆሙ። የሐዘኑን ቃል ኢና ሊላሂን ጀምረው መሃል ላይ ተዉት። እትዬ አበዛሽ ቢጫውን ሻሽ ከራሳቸው መንጥቀው መሬት ጣሉት። ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ጥቁራቸውን አወጡ፣ ከሚስራ ኋላ ሄደው በአረንጓዴው ቀሚስ ላይ ትከሻዋን ሸፈኑላት።

«እትዬ» አለች ሚስራ፣ ዓይኗን ከአፈሩ ሳታነሳ።

«ወይ ልጄ።»

«እምቢ ያልኩት ለወጉ ነበር እኮ።»

እትዬ አበዛሽ ጥቁሩን ትከሻዋ ላይ አጠበቁላት።

«ልቤማ» አለች ሚስራ፣ «ገና ቫኗን ከሩቅ ሳያት ነው የታረቀው።»

ነጩን ሥር አሁንም እንደያዘች ናት። ልቀበልሽ ሊላት የደፈረ አልነበረም።